የአሮጌ ናፍጣ መኪና ኤሲ ሲበላሽ፦ ጋዝ ማስሞላት፣ ማስጠገን፣ መቀየር ወይስ መተው?

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ መኪና ኤሲ ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳቅ ነው። «እዚህ አገር ኤሲ? ጋቢ ግዛ እንጂ!» ይሉታል። በኅዳር ጠዋት የመስታወቱን ውርጭ ፍቆ ለሚነሳ ሰው ነገሩ ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። ይኸው ሰው ግን የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ አራቱንም መስኮት ከፍቶ አቧራውንና ወበቁን አብሮ ይምጋል። መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,800 ሜትር አካባቢ ወደ 1,300 ይወርዳል። ጀማን ወደ ዓለም ከተማ የሚሻገር፣ ወደ ምንጃር አረርቲ የሚወርድም ያውቀዋል።

የእኛ አካባቢ የኤሲ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የምናስጠግነው ደጋ ላይ፣ የምንጠቀመው ቆላ ላይ። ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት ይህንን ልብ ባለማለት ነው።

መመሪያው 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ላላቸው ሃይሉክስና ሃይኤስ፣ 1ኤችዜድ ላለው ላንድክሩዘርና ለመሰሎቻቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያልኩ አልፋለሁ።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አምስት ነገሮችን ለይታችሁ ያዙ።

መጀመሪያ መኪናው የሚውልበት ቦታ ነው። በወር አንዴ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚመለስና በየቀኑ ከአጣዬ ካራቆሬ የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ጥገና አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ፣ ጋዙ ከተሞላ በኋላ ስንት ጊዜ ቆየ? ሁለት ዓመትና ሁለት ወር የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ፓምፕ) ዝም ብሎ ነው የቆመው ወይስ ውስጡን በልቶ ነው? አራተኛ፣ መኪናው የተሠራበት ዘመን፤ የጋዙ ዓይነት በዚያ ይወሰናልና። አምስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። የኤሲው ኮንደንሰር (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) የሚቀመጠው ከራዲያተሩ ፊት ስለሆነ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር አስቀድሞ ያሞቀዋል። ራዲያተሩ ግማሹ የተደፈነ መኪና ላይ ኤሲ ማስጠገን በደከመ በሬ ላይ ቀንበር መጨመር ነው።

ኤሲው ላይሆን ይችላል

አንድ የመሐል ሜዳ ጎረቤቴ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞላ። ጋዙ ሙሉ፣ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፣ ቱቦው በእጅ ሲነካ በረዶ ነው፤ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ነፋስ ግን ለብ ያለ ነው። ጥፋተኛው የማሞቂያው ውሃ መዝጊያ ነበር። በደጋው ብርድ ማሞቂያውን ከፍቶ ስለሚነዳ ገመዱ ዝጎ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል። ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር የሞተሩ ሙቅ ውሃ መልሶ ያሞቀዋል ማለት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ማስተካከያው «ቀዝቃዛ» ላይ እያለ ኮፈኑን ክፈቱና ከመዝጊያው ቀጥሎ ያለውን ጎማ በጥንቃቄ ንኩ። የሚያቃጥል ከሆነ መዝጊያው አልተዘጋም። ገመዱን ቅባት መቀባት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ነፋሱ በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የተቃጠለው የነፋሱን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። ነፋሱ ራሱ ከደከመ ኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ውስጥ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) አቧራ ለብሷል፤ አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የውስጥ አየር ማጣሪያ የላቸውም፣ የመንዝን የጠጠር መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በውቂያ ሰሞን ጭድ የጫነ አይሱዙ ተከትሎ የነዳ ሰው ኮንደንሰሩን ቢያይ እብቅ ተለጥፎበት ያገኛል። በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ የላቫጆ ግፊት ግን ስሱን ላሜራ ያጣምመዋል።

ኮምፕሬሰሩ ጠዋት እየተነሳ ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳ ካለ «ሞቷል» የሚላችሁን አትመኑ። ብዙ ጊዜ የኮምፕሬሰሩ ክላች (ከቺንጋው ጋር የሚያያይዘውና የሚለቀው ክፍል) ክፍተቱ በመበላት ሰፍቶ ነው፤ ሺም (ቀጭን ማስተካከያ ቀለበት) በማውጣት ይስተካከላል። መኪናው ቆሞ ኤሲ ሲከፈት ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ወዲያው ኮምፕሬሰሩን አትክሰሱት። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በራሱ ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል) አይፈጥርም፤ ለዚህ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ፓምፕ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ናፍጣዎች ላይ ኤሲ ሲበራ ሚኒሞውን (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ የሚያደርገው ዕቃ በዚያ ቫኪዩም ይሳባል፤ ቀጭኗ ጎማ ከተሰነጠቀች አይሳብም።

አማራጭ አንድ፦ ጋዝ ብቻ ማስሞላት

ጋዙ እንደ ናፍጣ የሚቃጠል ነገር አይደለም። ከጎደለ ወጥቶ ነው። እርግጥ በቺንጋ የሚዞር ኮምፕሬሰር ዘንጉ ከውጭ ስለሚገባ በዘንጉ ማኅተም (ፍሳሽ የሚከለክለው ክፍል) በኩል በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ማጣቱ ያለ ነው። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ከሆነ ማስሞላት ያዋጣል። በሁለት ወር ውስጥ ካለቀ ግን የሚሞላው ገንዘብ እንጂ ጋዝ አይደለም።

ደጋ ነዋሪ የሆነ መኪና የተለየ ችግር አለው። ያ ማኅተም እርጥብ ሆኖ የሚቆየው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። ኤሲውን ከሰኔ እስከ ጥር ሳንነካው ስንቆይ ይደርቃል፤ በመጋቢት ቆላ ወርደን ስንከፍተው ማፍሰስ ይጀምራል። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ማብራት፣ በብርድም ቢሆን፣ ዋጋ የማያስከፍል ጥገና ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ጥር ላይ ሃይሉክሴን ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጁ እጁን እያሟሟቀ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ገጠመ።

«ጋሼ፣ ፕሬሸሩ አልሞላም፤ ትንሽ ልጨምርበት።»

«ስንት ግራም ገባ?»

«በግራም አይደለም በጌጅ ነው የምንሞላው፣ ጋሼ። አይጨነቁ።»

ጨመረ። አሁንም አልሞላም፤ ደግሞ ጨመረ። ነፋሱ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ሆነልኝ፣ አመስግኜ ከፈልኩ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ገበያው አጠገብ ስቆም ኮምፕሬሰሩ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ መነሳትና መውረድ ጀመረ፤ ነፋሱም ሞቀ። ስነዳ ይሻለዋል፣ ስቆም ይብስበታል። በኋላ አዲስ አበባ ጋዙን መልሶ ሰብስቦ የሚመዝን ማሽን ያለው ቤት ወሰድኩት፤ 940 ግራም ወጣ። ኮፈኑ ሥር ባለችው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ልክ 700 ነው።

ልጁ አላጭበረበረኝም፤ ጌጁ ነው ያሳሳተው። በዛሬው የተለመደ ጋዝ፣ በአር 134ኤ፣ ፈሳሹና እንፋሎቱ አብረው ባሉበት የቆመ ሥርዓት ግፊቱ የሚከተለው የአየሩን ሙቀት ነው፦ በ15 ዲግሪ 57 ፒኤስአይ ገደማ፣ በ35 ዲግሪ 114 ገደማ። እጥፍ ነው። ሞተሩ ሲሠራም በብርድ የከፍተኛው ጎን ግፊት ዝቅ ብሎ ይታያል። ባለሙያው በሙቅ አገር የተማረውን ቁጥር ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ሊያመጣ ሲታገል ከልክ በላይ ይሞላል፤ ትርፉ ቆላ ላይ ይወጣል። ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይጨናነቃል፣ ግፊቱ ይንራል፣ መከላከያው ስዊች ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ስዊች የሌለው የድሮ መኪና ላይ ደግሞ ቱቦው ወይም ኮምፕሬሰሩ ይከፍላል።

ስለዚህ በእኛ አገር ጋዝ በሚዛን ይሞላ። ሲሊንደሩን የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ማስቀመጥ እንኳ ከጌጅ ይሻላል፤ ሚዛኑ የሲሊንደሩን ክብደት የሚችል ከሆነ። ልኩ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ባለች ሰሌዳ ላይ በግራም ተጽፏል። ፒክ አፖች አብዛኛውን ጊዜ ከኪሎ በታች ይይዛሉ፤ የኋላ ኤሲ ያለው ሃይኤስ ግን ከዚያ ይበልጣል።

አማራጭ ሁለት፦ የሚያፈሰውን ፈልጎ ማስጠገን

ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ እርጥብ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ መጋጠሚያዎቹን፣ የኮምፕሬሰሩን አፍንጫና የኮንደንሰሩን ታች በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ከዚያ የሳሙና አረፋ፣ ወይም ጋዙ ውስጥ የሚገባ የሚያበራ ቀለም። የማይታየው የኢቫፖሬተር ፍሳሽ ነው፤ ዳሽቦርድ ስለሚያስፈታ የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

ግፊት ሰጥቶ መፈተን የሚገባው በናይትሮጅን ነው። በያጅ ቤት ያለውን ኦክስጅን «ያው አየር ነው» ብሎ የሚያስገባ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን አስነስታችሁ ሂዱ። ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ። የጎማ መንፊያው አየርም ቢሆን እርጥበት ይዞ ይገባል።

ሥርዓቱ ከተከፈተ ድራየሩ ይቀየራል፤ ይህ ድርድር የለውም። ርካሽ ዕቃ ነው፣ እርጥበት የሚመጠውም እሱ ነው። ከዚያ ቫኪዩም ይደረጋል፣ ማለትም ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይሳባል፣ ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፤ የሚቻል ከሆነ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ሞተሩ ትንሽ ሞቆ። የቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ቶሎ አይተንም።

እዚህ ላይም ከፍታው ሰውን ያጣላል። ጌጁ ላይ ያለው የቫኪዩም መስመር እስከ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ይቆጥራል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ጥሩ ፓምፕ እዚያው አካባቢ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከባቢ አየሩ ራሱ ስለሳሳ መርፌው 21 አካባቢ ይቆማል፤ ሸዋ ሮቢት 25 ወይም 26። «30 ካልደረሰ ሊክ አለው» ብሎ ኮንደንሰር ሊያስቀይር የተነሳ ባለሙያ አውቃለሁ። ትክክለኛው ፈተና ፓምፑን ዘግቶ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። መርፌው ከቆመበት ካልተነሳ ደህና ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ኮምፕሬሰር መቀየር

ከመቀየራችሁ በፊት ከአሮጌው የሚወጣውን ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሱት። ጥርት ያለ ከሆነ ውስጡ ደህና ነው፤ ምናልባት ማኅተም ወይም ክላች ብቻ ይበቃዋል። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ብረቱ ተበልቶ በቱቦው ሁሉ ተበትኗል። ያኔ ኮምፕሬሰር ብቻ ቀይሮ መውጣት አዲሱን ለዚያው ብናኝ ማብላት ነው፦ ቱቦዎቹ ይታጠቡ፣ ድራየሩና ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ በልኩ የሚያሳልፈው) ይቀየሩ። ኮንደንሰሩ በአንድ ቱቦ የሚጠማዘዝ የድሮው ዓይነት ከሆነ መታጠብ ይችላል፤ ቀጫጭን መንገዶች ያሉት አዲሱ ዓይነት ግን ታጥቦ አይጠራም።

ያገለገለ፣ የታደሰና አዲስ ቅጂ ሦስቱም አዲስ አበባ የመለዋወጫው ገበያ ሶማሌ ተራ ይገኛሉ። ለእኔ ጥርት ያለ ዘይት ያለውና አፉ ታሽጎ የቆየ ያገለገለ ኦሪጅናል፣ ከማላውቀው አዲስ ቅጂ ይቀድማል። በእጅ ሲዞር እኩል ይዙር፤ የሚይዝ ቦታ ካለው ተዉት። አፉ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ ወራት የተቀመጠውንም ተዉት። የእግሩ ቀዳዳና የቺንጋው መስመር ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይለካ፤ በላሜራ ተቀጥሎ የተገጠመ ኮምፕሬሰር ቺንጋ ሲበላ ይኖራል። ቆላ ውሎ የሚያድር መኪና ወይም ሰው ጭኖ የሚሠራ ሃይኤስ ግን የተሻለውን ቢገዛ አይጸጸትም።

አማራጭ አራት፦ ከአር 12 ወደ አር 134ኤ መለወጥ

ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መኪና በአብዛኛው የተገጠመለት ለአር 12 ነው፤ ይህ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት መነሻነት እንዲቀር ተደርጓል። የመሙያው አፍ በጥርስ የሚጠበቅ ከሆነ የድሮው ነው፤ ለስላሳ ሆኖ በመንከስ የሚያያዝ ከሆነ አዲሱ። የብዙዎች መኪና እጅ ሲለዋውጥ ስለተለወጠ ግን አፉንም ሰሌዳውንም እዩ።

መለወጥ ማለት አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ላይ መሙላት አይደለም። የድሮው የማዕድን ዘይት ከአር 134ኤ ጋር አይዋሃድምና ይፈሳል፤ ኤስተር ዘይት ይገባል፤ ኦሪንጎቹ (የመጋጠሚያ ጎማ ቀለበቶች) እና ድራየሩ ይቀየራሉ፤ የሚሞላው መጠን ከድሮው ልክ ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። ውጤቱ ስትነዱ ጥሩ፣ ቆማችሁ በሙቀት ትንሽ የሚደክም ኤሲ ነው። ሸዋ ሮቢት ለሚውል ሰው ኮንደንሰሩ ፊት ተጨማሪ ቬንቲሌተር ማስገጠም ልዩነቱን ያጠባል።

«በሲሊንደር ቡታ ጋዝ ልሙላልህ፣ እንዲያውም በጣም ያቀዘቅዛል» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ማቀዝቀዙ እውነት ነው። ኢቫፖሬተሩ ያለው ግን እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል ውስጥ ነው።

አማራጭ አምስት፦ መተው

ይህንን አማራጭ የማይነግራችሁ ጋራዥ ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን መንዝ፣ ከአንኮበር ጫጫ የሚመላለስ መኪና ያለ ኤሲ አይሞትም። ኮምፕሬሰሩ የራሱ ቺንጋ ካለው ቺንጋውን አውልቁ፤ ሌላ ዕቃ የሚያዞር ከሆነ ግን ማውለቅ አይቻልም። ቱቦ ከተፈታ አፉ ይታሸግ።

አንድ ነገር ብቻ ታጣላችሁ። በክረምት ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድና አራት ሰው ተጭኖ መስታወቱ ሲያላብ፣ ኤሲና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲበሩ መስታወቱን በደቂቃ ውስጥ የሚያጠራው ኤሲው አየሩን ስለሚያደርቀው ነው። በእጅጌ እየጠረጉ ያን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ይህን ቀላል አይለውም።

| አማራጭ | ወጪ | የሚያዋጣው | የማያዋጣው |
|---|---|---|---|
| ጋዝ ብቻ | ዝቅተኛ | ያለፈው ሙሌት ሁለት ዓመት ከቆየ | በወራት ውስጥ ካለቀ |
| ፍሳሽ ጥገና፣ ድራየርና ቫኪዩም | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ከሆነ | ዘይቱ ጥቁር ከሆነ |
| ያገለገለ ኮምፕሬሰር | መካከለኛ | አልፎ አልፎ ቆላ ለሚወርድ | ቱቦው ሳይታጠብ ከተገጠመ |
| ኮምፕሬሰር ከነሙሉ ዕቃው | ከፍተኛ | ቆላ ለሚውል፣ ለሥራ መኪና | ራዲያተሩ ለደከመ |
| ከአር 12 መለወጥ | መካከለኛ | ቱቦና ኮምፕሬሰሩ ደህና ለሆነ | ዘይትና ኦሪንግ ካልተቀየረ |
| መተው | የለም | ከደጋ ለማይወርድ | በጉም ለሚነዳ |

ለማን የቱ?

ገንዘቡ ያጠረው ሰው መጀመሪያ የማሞቂያውን መዝጊያ፣ የክላቹን ክፍተትና የኮንደንሰሩን እጥበት ይጨርስ፤ ከዚያ የተረፈውን ለኦሪንግና ለድራየር ያውለው። ሳይጠገን ጋዝ አይግዛ።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በወር አንዴ ሁለቴ ለሚወርድ ፍሳሹን ማስጠገን በቂ ነው፤ ኮምፕሬሰር ካስፈለገም ያገለገለ ይበቃዋል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም አረርቲ የሚውል ሰው ሙሉውን ያስተካክል፤ ከተቻለ ሙሌቱን እዚያው ቆላ ላይ በቀትር ያስፈትነው። ጥሩ ኤሲ ሲነዱ ከዳሽቦርዱ ላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያለው ነፋስ ያወጣል፤ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ባለ 2ኤል ሞተር ደግሞ ከሁሉ በፊት ራዲያተሩን ያስፈትሽ። ይህ ሞተር ሙቀት አይወድም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጣርማበር አናት ላይ ከሚያገኘው አየር ከሩብ በላይ ይጎድለዋል፤ ኤሲው ደግሞ ከቀረው ላይ ይወስዳል። ከሸዋ ሮቢት ስትመለሱ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ ኤሲውን አጥፉት። እስከዚያ አየሩም ራሱ ቀዝቅዟል።

ጋራዥ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሚዛን አለህ? ድራየሩን ትቀይራለህ? አሮጌውን ዕቃ ትመልስልኛለህ? የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋም ለየብቻ ይነገራችሁ። ሥራው ሲያልቅ ቀኑና የገባው ግራም በወረቀት ተጽፎ ኮፈኑ ሥር ይለጠፍ። የእኔ ላይ «የካቲት 9፣ 700 ግራም» ይላል፤ ጽሑፉ በዘይት ደብዝዟል፣ ኤሲው ግን ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ገበያ ቆሞ ጠቅ ጠቅ አላለም።